ባክቴሪያ ገድሎ ባክቴሪያ መቀባት

አንዲት ወጣት የፋርማሲ ባንኮኒ ላይ ሁለት ዕቃ አስቀምጣ ቆማለች። አንዱ 5 በመቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የተባለው የብጉር ጄል ነው። ሌላው ማሸጊያው ላይ «ፕሮባዮቲክ» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት የፊት ክሬም ነው፤ ዋጋው የጄሉን ብዙ እጥፍ ይሆናል። «ይሄ ባክቴሪያ ይገድላል አልከኝ፤ ያኛው ደግሞ ጥሩ ባክቴሪያ ይጨምራል አልክ። ታዲያ ገድዬ ነው የምጨምረው ወይስ ጨምሬ ነው የምገድለው?» አለችው ሻጩን። ሳቅ አለና «ሁለቱንም ውሰጂ እህቴ፣ አብረው ይሠራሉ» አላት። ከፍላ ወጣች።

ወረፋ ላይ ከኋላዋ ነበርኩ። ጥያቄዋ እስካሁን አልለቀቀኝም፤ ስለ ቆዳ ማይክሮባዮም፣ ማለትም ቆዳችን ላይ ስለሚኖሩት ተህዋስያን፣ ብዙ ያነበበ ሰው እንኳ ነገሩን እንዲህ አጥርቶ አይጠይቅም። ስታስቡት ከጥያቄው በታች ሁለት እምነቶች አሉ። አንደኛው ብጉር የሚወጣው መጥፎ ባክቴሪያ ፊታችን ላይ ስለመጣ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ከብልቃጥ የወጣ ባክቴሪያ ፊት ላይ ሰፍሮ ይኖራል የሚለው። ሁለቱም ጠበቅ አድርገው ሲይዟቸው ይላላሉ።

ሁላችን ፊት ላይ ያለው

በብጉር ስሙ የሚነሳው ባክቴሪያ ኩቲባክቴሪየም አክኔስ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2016 በፊት በታተሙ መጻሕፍት ፕሮፒዮኒባክቴሪየም አክኔስ በሚል ስም ታገኙታላችሁ። ብጉር ኖረም አልኖረም፣ ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን የደረሰ ሰው ሁሉ ፊት ላይ አለ ማለት ይቻላል። የሚመቸው ኦክስጅን የሚያንስበትና ወዝ የሚበዛበት ቦታ ነው፤ ግንባር፣ አፍንጫ፣ አገጭ፣ ደረትና የላይኛው ጀርባ። ወዛችን ውስጥ ያለውን ስብ ሰባብሮ ፋቲ አሲድ ያወጣል። የቆዳችን ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል) 5 አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዝቅ ብሎ እንዲቆይ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይኸው አሲድ ነው። ብዙ ጎጂ ተህዋስያን ደግሞ እንዲህ ያለ ኮምጣጣ ቦታ አይስማማቸውም። ስለዚህ ይህን ባክቴሪያ ከፊታችን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ቢቻል እንኳ የሚፈለግ ነገር አይደለም።

ብጉሩ የሚጀምረው ከባክቴሪያው በፊት ነው። በጉርምስና አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች የወዝ ዕጢዎችን ሥራ ያበዛሉ። የፀጉር ቀዳዳውን ውስጡን የሚያለብሱት ሴሎች ረግፈው መውጣት ሲገባቸው እርስ በርስ ይጣበቁና መውጫውን ይደፍናሉ፤ ወዙም ከታች ይጠራቀማል። በዚህ የታፈነ ቦታ ባክቴሪያው ይደላዋል፣ ሰውነት ደግሞ ይቆጣል፤ እብጠቱና መግሉ የዚያ ቁጣ ውጤት ነው። በእኛ ዓይነቱ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ብዙም አይታይም፤ የሚያስጨንቀን ብጉሩ ከጠፋ በኋላ ለወራት የሚቆየው ጥቁር ምልክት ነው። ይህን ያነሳሁት በኋላ ስለምመለስበት ነው፤ ቆዳን የሚቆጠቁጥ ሕክምና ራሱ ያንን ምልክት ያመጣል።

አንድ ቀዳዳ፣ አንድ ዘር

እ.ኤ.አ. በ2013 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብጉር ካለባቸው 49 እና ከሌለባቸው 52 ሰዎች አፍንጫ ላይ ናሙና ወስደው አነጻጸሩ። የባክቴሪያው ድርሻ በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ የታየው በንዑስ ዝርያዎቹ ላይ ነው፤ አንዳንዶቹ ብጉር ባለባቸው ሰዎች በዝተው ሲገኙ፣ አንዱ ደግሞ በአብዛኛው ጤናማ ቆዳ ላይ ተገኘ። ገበያው ይህን ሲሰማ ምን እንዳሰበ መገመት አይከብድም፦ ጥሩውን ዘር በብልቃጥ አሽጎ መሸጥ፣ መጥፎውን በእሱ ማስለቀቅ።

ሐሳቡ መጀመሪያ ሲነበብ ያሳምናል። እኔንም አሳምኖኝ ነበር። ያስቆመኝ እ.ኤ.አ. በ2022 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ከኤምአይቲ፣ የወጣው ሥራ ነው። እነዚህ ተመራማሪዎች ናሙናቸውን ከፊት ላይ ጠርገው በጅምላ አልወሰዱም፤ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ለየብቻ አወጡ። አንድ ቀዳዳ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በሙሉ ማለት ይቻላል ከአንድ እናት ሴል የተራባ ሆኖ ተገኘ። ከጎኑ ያለው ቀዳዳ ደግሞ የሌላ ዘር ነው። ፊት ላይ ብዙ ዝርያ አብሮ ይኖራል፣ ግን እያንዳንዱ የራሱን ጉድጓድ ይዞ ነው። ለዚህም ተመራማሪዎቹ የሰጡት ምክንያት የቀዳዳውን አሠራር ነው፤ ጠባብና ጥልቅ ስለሆነ ቀድሞ ገብቶ ታች የሰፈረው ሥፍራውን እንደያዘ ይኖራል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄውን የማየው በሌላ ዓይን ነው። ላይ ላዩን የተሻሸ ክሬም ውስጥ ያለ ባክቴሪያ፣ በወዝ የተሞላና አፉ የተደፈነ፣ ነባር ቤተሰብ የያዘው ጉድጓድ ታች እንዴት ይደርሳል? ቢደርስስ ማን ቦታ ይለቅለታል? ምናልባት ሊሠራ የሚችለው ላይ ላዩን ሆኖ ነው፤ አሲድ እያመነጨ፣ የቆዳውን ቁጣ እያበረደ፣ በተቀባበት ቀን ብቻ። ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ ግን «ጥሩ ባክቴሪያ ይተክላል» ከሚለው ማስታወቂያ በጣም ይርቃል።

ላይ ላዩን የሚሠራ ነገር እንዳለ ከቤልጂየም አንትወርፕ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሙከራ ያሳያል። በጥቃቅን ካፕሱሎች የታሸጉ፣ ላክቶባሲለስ የተባሉ ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ሕያው ባክቴሪያዎችን በክሬም አድርገው ቀላልና መካከለኛ ብጉር ላለባቸው ሰዎች ሰጡ፤ ያበጡት ብጉሮች ባክቴሪያ ከሌለው ክሬም ይልቅ ቀነሱ። ከሦስቱ ባክቴሪያዎች አንዱ ኬሲኤ1 የተባለው ሲሆን መጀመሪያ የተገኘው ከአንዲት ጤናማ ናይጄሪያዊት ነው። እዚህ ላይ «ካፕሱል» የሚለውን ልብ በሉ። ሕያው ባክቴሪያ ክሬም ውስጥ ዝም ተብሎ ተነስንሶ አይኖርም።

ማሸጊያውን ማንበብ

ለመዋቢያዎች የወጣው አይኤስኦ 17516 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ ለተራ ክሬም በአንድ ግራም ከ1,000 በላይ ሕያው ተህዋስያን እንዳይኖሩ ይላል፤ ለዓይን አካባቢና ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሚሆን ከሆነ ከ100 በላይ። ከዚህ ጋር እርጎን አስተያዩ፤ ኮዴክስ የተባለው የምግብ መስፈርት እርጎ በአንድ ግራም ቢያንስ 10 ሚሊዮን የማፍያ ባክቴሪያ እንዲኖረው ይጠይቃል። ስለዚህ «ፕሮባዮቲክ» የሚል ተራ ክሬም መስፈርቱን ያሟላ ከሆነ ባክቴሪያው የለበትም፤ ባክቴሪያው በብዛት ካለበት ደግሞ ለተራ ክሬም የተቀመጠውን ገደብ አልፏል። ውሃ ያለበት ክሬም ከሞላ ጎደል ሁሉ እንዳይበላሽ ማቆያ ይጨመርበታል፤ በብዛት የምታዩት ፊኖክሲኤታኖል ነው። ማቆያው ጥሩና መጥፎ ባክቴሪያ ለይቶ አያውቅም።

ታዲያ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? የንጥረ ነገሮቹን ዝርዝር ስታነቡ «ላይሴት»፣ «ፈርመንት» ወይም «ፊልትሬት» የሚል ቃል ታገኛላችሁ። ላይሴት የተሰባበረ የባክቴሪያ ሴል ነው። ፊልትሬት ባክቴሪያው ያደገበትና ተጣርቶ የቀረው ፈሳሽ ነው። ድርቆሽን አስቡ፤ በእርሾ ያለፈ ነው፣ ኮምጣጣ ጣዕሙም አብሮት አለ፣ ውሃ ብታፈሱበት ግን አዲስ ሊጥ አያቦካም። እንዲህ ስል ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት ከላክቶባሲለስ ፕላንታረም የተሠራ ጭማቂ በ5 በመቶ መጠን ቀላል ብጉርን ሲያሻሽል፣ በ1 በመቶ ግን አልሠራም።

ይህ የ5 እና የ1 በመቶ ልዩነት ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ልትፈትኑት የምትችሉት ነገር ነው። በአውሮፓ ሕግ ከ1 በመቶ በላይ የሆኑ ንጥረ ነገሮች ከብዙ ወደ ጥቂት በቅደም ተከተል ይጻፋሉ፤ ከ1 በመቶ በታች ያሉት በፈለጉት ተራ። ፊኖክሲኤታኖል ደግሞ በዚያው ሕግ ከ1 በመቶ አያልፍም። ስለዚህ ከፊኖክሲኤታኖል በኋላ የተጻፈ «ላክቶባሲለስ ፈርመንት» ቢበዛ 1 በመቶ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙትም እዚያ፣ ከሽቶው ጎረቤት ነው።

እውነተኛ ሕያው ምርት በሌላ ምልክት ይለያል። የባክቴሪያው ስም ከነመለያ ኮዱ ይጻፋል፤ ላክቶባሲለስ ብቻ ብሎ መተው ሰውን «የአበበ ልጅ» ብሎ እንደመጥራት ነው። የሕያው ባክቴሪያው ቁጥር የሚነገረው በተመረተበት ቀን ሳይሆን እስከ መጠቀሚያው መጨረሻ ቀን ነው። ወይ ውሃ የሌለበት ዘይት ውስጥ የተበተነ ደረቅ ዱቄት ይሆናል፣ ወይ በሚቀባበት ሰዓት የሚደባለቅ ባለ ሁለት ክፍል ዕቃ፣ ወይ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጥ። እንዲህ ያለው ዕቃ በዱባይ ሙቀት መኪና ውስጥ ውሎ፣ በሻንጣ ተጭኖ፣ ድሬዳዋ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ከከረመ ምን ሊተርፈው እንደሚችል ራሳችሁ ፍረዱ። እንዲሁም ቁስል ባለበት ቆዳ ላይ ወይም የሰውነት መከላከያ አቅሙ ለደከመ ሰው ሕያው ባክቴሪያ መቀባት ያለ ሐኪም የሚደፈር አይደለም።

በአፍ የሚዋጠውን ፕሮባዮቲክ በአጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ1961 አንድ አሜሪካዊ ሐኪም ላክቶባሲለስ ለ300 ሕሙማን ሰጥቶ ብዙዎቹ ተሻሉ ብሎ ጽፏል፤ ግን ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ የወጡት ጥናቶች ትናንሽ ናቸው። ሆድ ካልረበሸ ለጤነኛ ሰው ብዙም ጉዳት የለውም፤ የብጉር መድኃኒት አድርጎ መተካት ግን ገና ነው።

እርጎውስ? ቅቤውስ?

«ታዲያ ከ10 ሚሊዮን ባክቴሪያ ጋር ያለው እርጎ አይሻልም?» የሚል ይኖራል። የእርጎ ባክቴሪያ ወተት ለምዷል እንጂ ወዝ አይደለም፤ ፊት ላይ አይሰነብትም። ላክቲክ አሲዱ ቆዳን ትንሽ ያለሰልሳል፣ ያ ብቻ ነው ጥቅሙ። የቤት እርጎ ግን ብዙ ጊዜ ካልፈላ ወተት የሚረጋ በመሆኑ ከጥሩዎቹ ጋር የማይፈለጉትንም ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ የፈረጠ ብጉር ላይ ባይደርስ ይመረጣል። ሎሚ ጨምሮ መቀባት ደግሞ በጭራሽ። የሎሚ ፒኤች 2 አካባቢ ነው፤ ልጣጩ ውስጥ ያለው ነገር ከፀሐይ ጋር ተጋግዞ ቆዳን ያቃጥልና ከብጉሩ የባሰ ጥቁር ምልክት ይተዋል።

ቅቤ ለፀጉር መልካም ነው፣ ለግንባር አይደለም። በፀጉር መስመር ዳር ዳር ተሰልፎ የሚወጣ ጥቃቅን ብጉር ሲታይ መጀመሪያ የሚጠየቀው የፀጉር ቅባት ነው። ቅቤና የፀጉር ዘይት ቀዳዳ ከመድፈናቸው ሌላ ማላሴዚያ ለተባለው ፈንገስ ምግብ ይሆናሉ። ይህ ፈንገስም የቆዳችን ነዋሪ ነው፤ ሲበዛ ግን ግንባር፣ ደረትና ጀርባ ላይ መጠኑ አንድ ዓይነት የሆነ፣ የሚያሳክክ ሽፍታ ያወጣል። ብጉር ይመስላል፣ በአንቲባዮቲክ ግን ይብሳል፤ ምክንያቱም አንቲባዮቲኩ ባክቴሪያውን ቀንሶ ሜዳውን ለፈንገሱ ይለቅለታል። «ብጉሬ ያሳክከኛል» የሚል ሰው ሐኪሙ ይህን ዕድል እንዲያይለት ይጠይቅ። ፈንገሱ ከሆነ 2 በመቶ የኬቶኮናዞል ሻምፑ ቦታው ላይ ለ5 ደቂቃ አቆይቶ መታጠብ ከማንኛውም ፕሮባዮቲክ ክሬም ይበልጣል። ቅቤ መቀባት ያልተወ ሰው ማታ ግንባሩን በሻሽ ከልሎ፣ ጠዋት ፊቱን በለስላሳ ማጽጃ ይታጠብ፤ የትራስ ልብሱንም ቶሎ ቶሎ ይቀይር።

ያለውን አለማፍረስ

ለዚያች ወጣት ጥያቄ የኔ መልስ ይህ ነው፦ ጄሉን ውሰጂ፣ ክሬሙን ተዪው። ሕያው ባክቴሪያ ከሌለበት የሚጨምረው ባክቴሪያ የለም፤ ካለበት ደግሞ ቤንዞይል ፐርኦክሳይዱ ይገድለዋል። በሁለቱም መንገድ ብሩ ይባክናል። ፊታችን ላይ ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስን የመሰሉ፣ በላቦራቶሪና በአይጥ ሙከራ ግሊሰሪንን አብላልተው የብጉሩን ባክቴሪያ ሲገቱ የታዩ ነዋሪዎች በነጻ አሉ። እነሱን በሳሙና እየፈጁ ሌላ በውድ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

የጠጣር ሳሙና ፒኤች ከ9 እስከ 10 ይሆናል። ታጥበን ስንጨርስ ቆዳችን ሲወጠር «ጸዳ» እንላለን፤ የሆነው ግን አሲዱ ተወግዶ ለመመለስ ሰዓታት መፈለጉ ነው። በቀን ሦስት አራት ጊዜ የሚታጠብ ወዛም ፊት ያለው ሰው አሲዱ አንዴም ሳይመለስ ይመሻል። ፒኤቹ 5.5 አካባቢ የሆነ ፈሳሽ ማጽጃ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ጠዋትና ማታ፣ በጣት ብቻ፣ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ስኳርና ቡና ቀላቅሎ ማሸት ያበጠውን ያፈርጣል፣ ጠባሳም ያወርሳል።

ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ባክቴሪያ ገዳይ ሆኖ ሳለ ለምን እንደማልፈራው ልናገር። የሚገድለው በኦክስጅን ስለሆነ ባክቴሪያው እንደ አንቲባዮቲክ አይላመደውም። ክሊንዳማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ብቻውን ለወራት መቀባት ግን የተላመደ ዘር ያፈራል፤ ሁልጊዜ ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ይታዘዛል። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣ ንጽጽር 2.5 በመቶው ከ10 በመቶው ጋር የተቀራረበ ውጤት ሰጥቷል፣ ማቃጠሉ ደግሞ አንሷል፤ ምልክት ለሚተውበት ቆዳችን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጨርቅ ያነጣል፤ የነጠላ ጥለት፣ ባለቀለም ፎጣና ትራስ ራቅ ይበሉ።

ማታ 0.1 በመቶ አዳፓሊን የተባለው የሚቀባ የብጉር መድኃኒት፣ ፊት በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ የአተር ፍሬ የምታክል ለፊት በሙሉ። ብጉሩ ላይ ብቻ ነጥብ ነጥብ ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ነገ የሚደፈነውን ቀዳዳ ለመክፈት ነው። በሦስት ቀን አንዴ ተጀምሮ ቆዳው ሲለምድ ይጨመራል፤ ከላዩ ሽቶ የሌለው ማለስለሻ፣ ቀን ደግሞ ኤስፒኤፍ 30 የፀሐይ መከላከያ። ለውጡ የሚለካው በ12 ሳምንት ነው። ነፍሰ ጡር ወይም ልታረግዝ ያሰበች ሴት አዳፓሊንን ትታ ከ15 እስከ 20 በመቶ አዜላይክ አሲድ ብትጠቀም ይሻላል፤ ጥቁር ምልክቱንም ያደበዝዛል።

በሁለት በሦስት ቀን ብጉሩን አጥፍቶ ፊትን የሚያቀላ ክሬም ካጋጠማችሁ ውስጡ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የተባለ ስቴሮይድ መኖሩን ፈትሹ። ስቴሮይዱ ቁጣውን ያፍናል፣ ቆዳውን ያሳሳል፣ ሲቆም ብጉሩ በእጥፍ ይመለሳል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ለወራት የተጠቀመ ሰው በአንድ ጊዜ ከማቆሙ በፊት የቆዳ ሐኪም ቢያማክር ይሻላል፤ አዲስ አበባ አለርት፣ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አላቸው። ጠለቅ ያለ፣ የሚያምና ጠባሳ የሚተው ብጉርም ቤት ውስጥ የሚሞከርበት አይደለም።

ክሬሙን አስቀድሞ የገዛ ሰው መጣል የለበትም። ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ክንዱ ውስጠኛ ክፍል ላይ ይሞክረው፤ ካልቆጣ ማታ እንደ ማለስለሻ ይቀባው፣ ቤንዞይል ፐርኦክሳይዱን ወደ ጠዋት ያዛውር። ሌላ አዲስ ነገር አብሮ አይጀምር፣ ያለበለዚያ የጠቀመውም የጎዳውም የትኛው እንደሆነ አይለይም። በ8 ሳምንት ለውጥ ካላየ ሁለተኛ ብልቃጥ አይግዛ። ማሸጊያው ላይ ክዳኑ የተከፈተ ዕቃ ምስል ውስጥ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ ከተከፈተ በኋላ የሚቆይበት ወር ነው፤ ጣት እየነከሩ የሚያወጡት ባለ ሰፊ አፍ ብልቃጥ ከሆነ ቀድሞ ሊበላሽ ስለሚችል በንጹሕ ማንኪያ ይውጣ።